የዲስፕሌይ ማስታወቂያዬ የት የት እንደወጣ ሳላይ ያሳለፍኳቸው 19 ቀናት

በዲስፕሌይ ኔትወርክ፣ ማለትም በሌሎች ሰዎች ድረ ገጾችና አፖች ላይ ማስታወቂያ በሚያሳየው መረብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወቂያ ስለቅ ይህን የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ፣ ለሦስት ወር የተመደበልኝን በጀት አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባልጨረስኩት ነበር። የማስተዋውቀው ለአዋቂዎች በኢንተርኔት የሚሰጥ የሂሳብ አያያዝ ኮርስ ነበር። በፍለጋ ማስታወቂያ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቼበት ውጤቱን አይቻለሁ፤ ፈላጊው የሚሻውን ነገር በራሱ ቃል ጽፎ ስለሚመጣ ለእያንዳንዱ ክሊክ የሚከፈለው ገንዘብ ለምን እንደዋለ ይታወቃል። በዲስፕሌይ ግን ሰውየው ዜና እያነበበ ወይም በስልኩ ጨዋታ እየተጫወተ ሳለ ማስታወቂያው ሳይጠራ ይመጣበታል። ይህን ልዩነት አውቀዋለሁ እል ነበር፤ ሥራው ላይ ስቀመጥ ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን አየኋቸው።

ዝግጅቱ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀም። ባነሮቹን፣ ማለትም የሚታዩትን የምስል ማስታወቂያዎች፣ በተለመዱት መጠኖች፣ በ300 በ250፣ በ728 በ90፣ በ160 በ600 እና ለስልክ በ320 በ50 ፒክስል አዘጋጀሁ፤ የመመዝገቢያውን ገጽ አስተካከልኩ፤ ምዝገባ የሚቆጥረውን ኮድ አስገባሁ፤ ንግድና ፋይናንስ የሚከታተሉ ሰዎችን መርጬ ዘመቻውን ከፈትኩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክሊኩ ጎረፈ፤ ዋጋውም ለፍለጋ ከምከፍለው እጅግ ያነሰ ነበር። በዚህ ደስ ተሰኝቼ ለኮርሱ ባለቤት የምሥራች ብዬ ጻፍኩላት። ያ ብዛት ግን ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያው ባነር በሆትዋየርድ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ካዩት ሰዎች 44 በመቶው እንደነኩት ይነገራል፤ ዛሬ ግን የሰው ዓይን ባነርን መዝለል ስለለመደ፣ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ ከነካ ብዙ ነው። የእኔ ባነር ከዚያ በላይ ሲነካ ምክንያቱን መጠየቅ ሲገባኝ በንድፉ ኮራሁ።

በ19ኛው ቀን ባለቤቷ ደውላ፣ «ይህን ያህል ሰው ገብቶ አንድ እንኳ ጥያቄ የሚጠይቅ እንዴት ይጠፋል?» አለችኝ። ማስታወቂያው የወጣባቸውን ቦታዎች የሚዘረዝረውን ሪፖርት የከፈትኩት ያን ዕለት ነው። ከላይ እስከ ታች የስልክ አፕ ነበር፤ የባትሪ መብራት፣ የኪቦርድ ማስጌጫ፣ የሚደረደሩ ጡቦች ጨዋታ፣ የሕፃናት ሥዕል ማቅለሚያ። ከአሥር ክሊኮች ስምንቱ የመጡት ከእነዚህ ሲሆን፣ ገጻችን ላይ የቆዩበት ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ብዙ ገንዘብ የበላውን የማቅለሚያ አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ከፈትኩት። የቀለማት ረድፍ ከታች ተደርድሯል፤ ባነሩ ከረድፉ ሥር ምንም ክፍተት ሳይተው ተለጥፏል። ቢጫውን ለመንካት አውራ ጣቴን ሳወርድ የራሴን ማስታወቂያ ነካሁ። በጀቱን የጨረሱት ቢጫ ቀለም የፈለጉ ልጆች ነበሩ።

ወደ ማስታወቂያ መድረኩ የድጋፍ ክፍል ደወልኩ። ያነጋገረኝ ባለሙያ በትሕትና፣ «ማስታወቂያው የት ቢወጣ እንደሚሻል ሲስተሙ ገና እየተማረ ስለሆነ አሁን ባይነኩት ይሻላል፤ ቦታ በከለከሉ ቁጥር ትምህርቱ ይስተጓጎላል» ሲል መከረኝ። ከዚያም ባነሩን አይተው ሳይነኩት በኋላ የተመዘገቡ 31 ሰዎች እንዳሉ በሪፖርቱ አሳየኝ። አመንኩትና አንድ ሳምንት ታገስኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ሳምንት ነው፤ በእሱም በራሴም እናደዳለሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ትቼ ገበያዬን የማያውቅ ሰው የነገረኝን ተቀብያለሁና። የምዝገባውን መዝገብ ከቀደሙት ወራት ጋር ሳስተያይ ጠቅላላው ቁጥር በአንድም ሰው አልጨመረም። 31ዱ በፍለጋ የሚመጡልን የዘወትር ሰዎች ሲሆኑ፣ ባነሩ በመንገዳቸው ላይ ስለታየ ብቻ የእሱ ተብለው ተቆጥረዋል። በኢንዱስትሪው መለኪያ መሠረት ከአንድ ባነር ፒክስሎች ግማሹ ለአንድ ሰከንድ ስክሪን ላይ ከዋለ ለመታየት እንደበቃ እንደሚቆጠር ልብ ይሏል።

ሌላው ያበሳጨኝ ነገር ከቅንብሩ ግርጌ ተገኘ። ሲስተሙ ከመረጥኳቸው ሰዎች ውጭ ሌሎችንም እንዲፈልግ የሚፈቅደው ምርጫ እኔ ሳልነካው ከመነሻው በርቶ ነበር። ንግድና ፋይናንስ ብዬ የለየኋቸው ሰዎች እንደ ጥቆማ ብቻ ተወስደው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አስተዋዋቂው ራሱ እስኪያበራው ድረስ አጥፍቶ ማቆየት ይገባ ነበር፤ ይህን በጽሑፍ አቅርቤ መልስ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ምክሩን ትቼ በራሴ መንገድ ሄድኩ። የአፕ ምድቦችን አንድ በአንድ ከለከልኩ፤ ከመካከላቸው ደህና የዜና አፖች እንደነበሩ ባውቅም አልጸጸትም። ይዘት የሌላቸውን ባዶ ድረ ገጾች አስወጣሁ፤ ራሴ ከፍቼ ያየኋቸውን ወደ 60 የሚጠጉ ገጾች በእጄ መረጥኩ፤ አንድ ሰው ባነሩን በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳያየው ገደብኩ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ሪማርኬቲንግ ነው። የመመዝገቢያው ገጽ ላይ ከ30 ሰከንድ በላይ ቆይተው ሳይመዘገቡ ለወጡት ብቻ ማስታወቂያው እንዲታይ አደረግኩ፤ የተመዘገቡትንም ከዝርዝሩ አወጣሁ። ዲስፕሌይ የሚጀምር ሰው ከዚህ እንዲጀምርና የማያውቀውን ሕዝብ ለኋላ እንዲያቆይ አጥብቄ እመክራለሁ። በሁለተኛው ቀን መጥፎ ቦታ ያየ በሁለተኛው ቀን ይከልክል፤ ሲስተሙ እስኪማር የሚጠበቀው በከፋዩ ገንዘብ ነው። አይተው የተመዘገቡትንም ነክተው ከተመዘገቡት ጋር በአንድ ዓምድ አይደምር።

ክሊኩ ወደ አንድ አሥረኛ ቀነሰ፤ የአንዱ ዋጋ አራት እጥፍ ጨመረ፤ ከለውጡ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ወር ባነሩን ነክተው የገቡ ሰባት ሰዎች ተመዘገቡ። ሰባቱንም በስም አውቃቸዋለሁ። የባከነው ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ፣ መድረኩ ዋጋ ቢስ ያላቸውን ጥቂት ክሊኮች ብቻ አስልቶ መለሰልኝ፤ የልጆቹ ጣት ከዚያ ውስጥ አልገባም። አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከማንኛውም ሥራ በፊት የቦታዎቹን ሪፖርት እከፍታለሁ። ባለፈው ሰኞ ያ ሁሉ ክልከላ እያለ ሦስት አዳዲስ አፖች ሾልከው ገብተው አገኘሁና አስወጣኋቸው።