ለእረፍት ደሴ ገብቶ ካራቴ መሥራት፦ ትንፋሹ የት ይሄዳል?

ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት ወይም ከአውሮፓ ለእረፍት ደሴ የሚገቡ ካራቴ ሠሪዎች ቅሬታቸው አንድ ነው፦ እዚያ አምስት ዙር ተፋልመው የማይበገሩት፣ እዚህ በአንዱ ዙር አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ አይምሩም፤ ውጭ አገር አቀለጠው ይላሉ። አላቀለጠውም፤ የአየሩ ነገር ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሚሆን፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ያልለመደ ሰው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊወርድበት ይችላል። ልምምዱን ያላቋረጠም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ጡጫ አይነካም። አየሩ ቢሳሳም እንደ ወትሮው ፈጣን ነው። የሚከዳው ተከታዩ ነው። በኩሚቴ፣ ማለትም በካራቴ ፍልሚያ፣ አንድ ጥቃት ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ለዚያች ቅጽበት የሚሆነው ነዳጅ፣ ፎስፎክሬቲን፣ ቀድሞውኑ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኦክስጅን አይጠብቅም። የተቃጠለውን መልሶ መሙላት ግን የኦክስጅን ሥራ ነው። ግማሹ በ30 ሰከንድ አካባቢ ይመለሳል፣ ሙሉ ለሙሉ ለመመለስ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኩሚቴ ጥናት በአንድ ፍልሚያ በአማካይ 16 ያህል በሙሉ ኃይል የሚሰነዘሩ ጥቃቶች መኖራቸውን፣ ከጠቅላላው ጉልበት ደግሞ 78 በመቶ ገደማው በኦክስጅን የሚመነጭ መሆኑን አሳይቷል። ካራቴ የጉልበትና የፍጥነት ነገር ብቻ ነው፣ ሩጫ ምን ያደርጋል ለሚል ማሳያው ይኸው ነው። ሩጫው ጡጫውን አያፈጥንም፤ በሁለት ጡጫ መካከል ያለውን ጊዜ ያሳጥራል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ልምምድ ቤት ገብታችሁ ኩሚቴ አትግጠሙ። ረጅም በረራ ሰውነትን ያደርቃል። ከዚያ ዘመድ አለ፤ አክስት ጋ ምሳ፣ አጎት ጋ እራት፣ ቡናው አቦል ቶና በረካ እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት፣ እንቅልፍ የለም። በዚያ ላይ ከሰዓት ጫት ከተቃመ የልብ ምትም የደም ግፊትም ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ያን ቀን ማታ ልምምድ ባይኖር ይሻላል። በእነዚህ ቀናት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእግር መሄድ፣ ከዚያ ኪሆን (መሠረታዊ ምቶችና አቋሞች) በዝግታ፣ ካታ (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የብቻ እንቅስቃሴ) ያለ ጉልበት። ውኃ መጠጣት እንዳይረሳ፤ ደሴ ስለምትበርድ ጥማቱ አይታወቅም።

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከመምጣታችሁ በፊት የነበረውን ጽፋችሁ ይዛችሁ ከሆነ ማመሳከር ቀላል ነው፤ በደቂቃ ከ10 በላይ ጭማሪ ካለ የዚያን ቀን ሥራ ቀለል ይበል። በተቀመጡበት ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ልምምድ ይቆማል፤ ወደ ኮምቦልቻ መውረድና ሐኪም ማየት ነው።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሶምሶማ፦ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ። ልኩን የሚነግራችሁ ሰዓት ሳይሆን አፍ ነው። አብሯችሁ ለሚሮጠው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ውጭ የለመዳችሁትን የኪሎ ሜትር ሰዓት እዚህ አታሳዱት። ደሴ ሜዳ የላትም ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ሆጤ ሜዳ ዙሪያ ይሻላል። በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር አስሩጠው ከዚያ በኋላ ቴክኒክ የሚያሠሩ አሠልጣኞች አሉ። ይህ ሯጭ ያወጣል እንጂ ካራቴ ሠሪ አያወጣም፤ የደከመ እግር የሚማረው የተበላሸ አቋም ነው። ቴክኒክና ፍጥነት መጀመሪያ፣ ሩጫ በኋላ፤ ከተቻለም በሌላ ቀን።

ጦሳ ተራራ ለሚያምራችሁ፦ መውጣቱ ጥሩ ነው፣ ጉዳቱ መውረዱ ላይ ነው። ቁልቁለት ሲሮጥ የጭን ፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ስለሚይዝ ሕመሙ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ይብሳል፤ ዘንኩትሱ ዳቺ (የፊት ጉልበት የሚታጠፍበት ረጅም አቋም) ላይ ጉልበት ማጠፍ ራሱ ቅጣት ይሆናል። ዳገቱን ከ30 እስከ 40 ሰከንድ በርትቶ መሮጥ፣ ቁልቁለቱን በእግር ቀስ ብሎ መውረድ፣ ይህን ስድስት ጊዜ መደጋገም። ይበቃል።

ከባዱ ሥራ በሁለተኛው ሳምንት ይግባ። በዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ሕግ የአዋቂዎች ኩሚቴ 3 ደቂቃ ስለሆነ ዙሩም በዚያው ይለካል፦ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ እግርን እያንቀሳቀሱ ርቀት መጠበቅ፣ ከዚያ ከ2 ሰከንድ የማይበልጥ ሙሉ ጥቃት፣ እንደገና መንቀሳቀስ። በ3 ደቂቃ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ጥቃት ይወጣዋል። በአራት ዙር ጀምሩ። በባሕር ጠረፍ በዙሮች መካከል 2 ደቂቃ ያርፉ የነበረ እዚህ 3 ደቂቃ ይረፉ። ለንጹሕ ፍጥነት ደግሞ በሌላ ቀን 6 ሰከንድ ሙሉ ኃይል ጊያኩ ዙኪ (የኋላ እጅ ጡጫ) ወይም ማይ ጌሪ (የፊት ለፊት እርግጫ)፣ ከዚያ 90 ሰከንድ እረፍት፣ ስምንት ጊዜ። እረፍቱን ማሳጠር ጀግንነት የሚመስለው አለ፤ ሲያጥር ግን ልምምዱ የፍጥነት መሆኑ ቀርቶ ቀስ ብሎ የመምታት ልምምድ ይሆናል።

መቆሚያው መቼ ነው? ቁጥሩ ሲሞላ ሳይሆን ቅርጹ ሲፈርስ። መጀመሪያ ሂኪቴ ይረሳል፤ የሚመለሰው እጅ ዳሌ ላይ ሳይደርስ ደረት ላይ ይንጠለጠላል። ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል። የፊት ጉልበት ቀጥ ይልና ሰውየው ይረዝማል። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ይያዛል፤ ይህ ነው ከሁሉ የከፋው፣ ምክንያቱም ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ አየር መያዝ ድካሙን በእጥፍ መጥራት ነው። በእያንዳንዱ ምት ላይ አጭር ትንፋሽ ይውጣ፤ ኪያይ፣ ከምት ጋር የሚወጣው ጩኸት፣ ለወሳኙ ምት ይቀመጥ። ካታም ከዚህ አያመልጥም፦ 65 እንቅስቃሴ ያለው ካንኩ ዳይ መጨረሻው ላይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ተረስቶ ሳይሆን ትንፋሹ በመሃል አልቆ ነው።

ኮምቦልቻ ለዚህ ትልቅ ሀብት ናት። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ልዩነቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። ደሴ ማደር፣ የፍጥነትና የኩሚቴ ልምምዱን ኮምቦልቻ መሥራት፣ ሶምሶማውን እዚያው ደሴ መሮጥ ጥሩ አካሄድ ነው። ኮምቦልቻ ራሷም ቆላ ስላልሆነች የባሕር ጠረፉን ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ትመልሳለች ብላችሁ አትጠብቁ።

ሰውነት አዲስ ቀይ የደም ሴል ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳል፤ ለዚያም ብረት የተባለው ማዕድን ያስፈልገዋል። ምስር፣ ሽሮ፣ ሥጋ፣ የጤፍ እንጀራ አለ። ሻይና ቡና ግን ምግቡ ላይ ሲጠጡ ብረቱ እንዳይሠርጽ ይከለክላሉ፤ ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት መቆየት ይበጃል። በረመዳን ለሚመጡ ከባዱ ዙር ከኢፍጣር በኋላ ምግቡ ቀለል ተደርጎ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሁን፤ ከኢፍጣር በፊት ካታ በዝግታ ብቻ።

ስትመለሱስ? ጅዳ ወይም ዱባይ ስትወርዱ ትንፋሹ ሰፊ ነው፣ እግር ይቀላል፤ ሰው ያኔ ይታለላል። ሙቀቱና ወበቁ የልብ ምቱን እንደገና ያንረዋል፣ በዚህ ጊዜ በሌላ ምክንያት፦ ደሙ ቆዳን ለማቀዝቀዝ ይሻማል። ሙቀቱን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከፈጅር በኋላ ወይም ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሥሩ፤ ከልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ ለጎደለው እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃ በጥቂት ጨው ቀስ እያላችሁ መልሱ።