በውስኪ በርሜል የከረመ የእንግሊዝ ባርሊዋይን በጎንደር ሲቀመስ

ጠርሙሱ 275 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዝ፣ ከተለመደው የቢራ ጠርሙስ ያነሰ ነው፤ መለያው ላይ የሰፈረው የአልኮል መጠን ግን 11.5 በመቶ ነው። ሲሰላ ወደ 32 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል ይይዛል። አምስት በመቶ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሚይዝ፣ ይህን ትንሽ ጠርሙስ ብቻውን የጨረሰ ሰው ሁለት ቢራ እንደጠጣ ሊቆጥረው ይገባል። ስለዚህ ለሦስት ተካፈልነው፤ እኔ፣ ከማንችስተር ሲመጣ ይዞት የገባው የልጅነት ጓደኛዬ፣ እንዲሁም ዕድሜያቸውን ሙሉ አዘዞ ውስጥ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩት አክስቴ።

መጠጡ የጄ ደብልዩ ሊስ ሀርቨስት ኤል ነው፤ ኤል ሞቅ ባለ ሙቀት የሚብላላ የቢራ ዓይነት ሲሆን፣ ባርሊዋይን የሚባለው ደግሞ እንደ ወይን ጠጅ የጠነከረው ኤል ነው። ሊስ እ.ኤ.አ. በ1828 የተመሠረተ የማንችስተር አካባቢ ጠማቂ ሲሆን፣ ይህን ጠንካራ ኤል ከ1986 ጀምሮ ከየዓመቱ አዲስ ምርት፣ ማሪስ ኦተር ከሚባለው የገብስ ዝርያ ብቅልና ከምሥራቅ ኬንት ጎልዲንግስ ሆፕ (እንደ ጌሾ ለቢራ ምሬት የሚሰጥ አበባ) ሲጠምቀው ኖሯል። ከጠመቀውም ከፊሉን ቀድሞ ሌላ መጠጥ በነበረባቸው በርሜሎች ያከርመዋል። የካልቫዶስ (የፖም አረቄ)፣ የፖርትና የሼሪ (አልኮል የተጨመረባቸው የወይን ጠጆች) በርሜሎች አሉ፤ ለእኛ የደረሰን ግን አይላ በምትባለው የስኮትላንድ ደሴት የሚወጣው የላጋቩሊን ውስኪ በነበረበት በርሜል የከረመው ነው።

እዚህ ከተማ ቢራ ሲባል በአብዛኛው ከዚሁ ከጎንደር የሚወጣው ዳሸን፣ ወይም እንደ እርሱ ቀዝቅዞ ጠርሙሱ እያላበው የሚቀርብ ላገር የሚባለው የቢራ ዓይነት ነው የሚታሰበው። ባርሊዋይንን በዚያ ቅዝቃዜ ማቅረብ ግን ብዙውን መዓዛውን አፍኖ ማስቀረት ነው፤ የሚመከርለት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ነው። በነሐሴ ዝናብ፣ ፀሐይ በማያገኘው የጓዳ ክፍል ያደረ ጠርሙስ ከዚህ ብዙም ስለማይርቅ ፍሪጅ አላስፈለገንም። ሲከፈት ይገነፍላል የሚል ሥጋት ነበረኝ፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል፣ እዚያ የታሸገ ጋዝ ያለው መጠጥም እዚህ ሲደርስ ለመውጣት ይቸኩላል። ነገር ግን መጠጡ ጋዙ ጥቂት በመሆኑ ክዳኑ ሲነሣ ለስለስ ያለ ትንፋሽ ብቻ ነው የተሰማው፤ የወጣውም አረፋ ስስ ስለነበር ጓደኛዬ ለፎቶ ስልኩን እስኪያወጣ ድረስ እንኳ አልቆየም።

ጓደኛዬ በብርሌ ካልጠጣን ብሎ ነበር። የብርሌ ጠባብ አንገት መዓዛውን ሰብስቦ እንደሚይዝ አልክድም፤ ነገር ግን አፍንጫ ስለማይገባበት የተሰበሰበው መዓዛ ለጠጪው እምብዛም አይደርሰውም። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ የወይን ብርጭቆ የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው ወደ እርሱ ገለበጥነው። ቀለሙ በጥላ ሲታይ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ወደ መስኮቱ ሲያነሡት ግን ቀይ ይወጣዋል። ብርጭቆውን አዙረው ሲተዉት በጎኑ ላይ ወፈር ያለ መስመር እየሠራ በዝግታ ይወርዳል።

መጀመሪያ የሚመጣው ጭስ ነው። አክስቴ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄ የወይራ ጭስ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል» አሉኝ። ስለ አይላ ውስኪ አንድም ነገር ሳይሰሙ የተናገሩት ይህ ፍርድ ብዙ ቀማሾች ከሚጽፉት ይበልጥ ትክክለኛ ነው። በዚያ ደሴት ለውስኪው የሚሆነው ብቅል የሚታጠነው፣ ረግረግ መሬት ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ከተጠራቀመ ዕፅዋት በሚቆረጥ ፒት በሚባል ማገዶ ነው፤ የፒት ጭስ ደግሞ ፌኖል በሚባሉ ውሕዶች የበለጸገ በመሆኑ የአዮዲንና የቁስል መድኃኒት ጠረን ይሰጣል። ጭሱ ከብቅሉ ወደ ውስኪው፣ ከውስኪው ወደ በርሜሉ እንጨት ይገባል፤ በርሜሉ ባዶ ሆኖ ኤል ሲሞላበት እንጨቱ የጠጣውን መልሶ ይሰጣል።

አክስቴ ነገሩ የገባቸው ሳላስረዳቸው ነው። እርሳቸው ጋኑን በግራዋ ፈትገው ካጠቡ በኋላ አፉን ወደ ታች ደፍተው በወይራ ጭስ ያጥኑታል፤ ጋኑ ተነሥቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጭሱ ውስጡ ታፍኖ ይቆያል። የወይራው ጭስ ግን ከጠላው ጀርባ ይቆማል እንጂ ከፊቱ አይቀድምም፤ ጌሾውና የተቆላው አሻሮ ቀድመው ይሰማሉ፣ ጭሱ የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው። ጋኑ አለቅጥ የታጠነበት ጠላ ሲቀርብላቸው አክስቴ ጠማቂዋ የምትሸፍነው ነገር እንዳላት ይጠረጥራሉ። እኔም በርሜልን የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው፤ መጠጡ የተሠራበት ገብስ ከጭሱ በስተኋላ ካልተሰማ በርሜሉ ከመጠን በላይ ሠርቷል ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የመጀመሪያው ጉንጭ ለጭሱ ያደላል። ሆኖም ብርጭቆውን በመዳፌ አቅፌ ለብ እስኪል ስጠብቅ የመድኃኒቱ ጠረን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ገብሱ ወጣ። በመጀመሪያ የተጠበሰ የድፎ ዳቦ ቅርፊት፣ ቀጥሎ ቴምርና ዘቢብ፣ ከዚያም የብርቱካን ማርማላታ የሚመስል ጣፋጭና መራራ የተደባለቀበት ጣዕም መጣ። ጣፋጭነቱ ከባድ ነው፤ አልኮሉ ጉሮሮን ሳያቃጥል ደረት ላይ ሲደርስ ሙቀቱን ያሳውቃል፣ በዚህም በኩል ከአረቄ ይልቅ በደንብ ተጥሎ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ጠጅ ጋር ይዛመዳል። የጎልዲንግስ መራራነት መጨረሻ ላይ ለአፍታ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የሆፕ ምሬት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየሟሸሸ ይሄዳል፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለች ጥቂት ኦክስጅን ደግሞ የብቅሉን ጣዕም ወደ ሼሪና ወደ ደረቅ ፍራፍሬ ታዞረዋለች። እንዲህ ያሉ ኤሎች እንደ ወይን ጠጅ የምርት ዓመት እየተጻፈባቸው በየቤቱ የሚቀመጡት በዚህ ለውጥ ምክንያት ነው፤ የለንደኑ ፉለርስም ቪንቴጅ ኤል የተባለውን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በዚሁ መልክ ሲያወጣ ቆይቷል።

አክስቴ ግማሹን እንደጠጡ፣ «ውሃው መቼ ነው የሚጨመርበት?» ብለው ጠየቁ። ጓደኛዬ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የዚህ አገር ኮረፌ ከገብስ ተዘጋጅቶ ለወራት የሚብላላ ወፍራም ድፍድፍ ሲሆን፣ ለመጠጥ ሲፈለግ ጥቂት ተወስዶ ውሃ ይጨመርበትና አድሮ ይጠጣል። ለእርሳቸው በዚህ መጠን የወፈረና የጠነከረ የገብስ መጠጥ ያላለቀ ሥራ ነው። የእንግሊዝ ጠማቂዎችም ጥንት ያደርጉት የነበረው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ከአንድ ብቅል መጀመሪያ የሚጠልለውን ጣፋጭና ወፍራም ፈሳሽ ለብቻው ለጠንካራው ኤል ያስቀሩና፣ በዚያው ብቅል ላይ ትኩስ ውሃ ደግመው በማፍሰስ ቀጭኑን የዘወትር ቢራ ያወጡ ነበር። ልዩነቱ የኋለኛው እንደ ቅራሪ ለብቻው መጠጣቱ፣ የፊተኛው ደግሞ ውሃ ሳይነካው ወደ በርሜል መግባቱ ነው። ይህን ስነግራቸው፣ «እንግዲያ እኛ የምንጠጣው የጌታውን ነው» ብለው ብርጭቆአቸውን አነሡ፤ እውነትም ጠንካራው ኤል በዚያ ዘመን በብዛት የባለጸጎች ቤት መጠጥ ነበር።

ባርሊዋይን በዚህ ስሙ ለገበያ የታወቀው ግን ኋላ ነው፤ በእንግሊዟ በርተን አፖን ትሬንት ከተማ የነበረው ባስ የተባለ ጠማቂ ቁጥር 1 የሚለው ኤሉ ስሙን ካስተዋወቁት ቀዳሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 የእንግሊዝ መንግሥት ግብሩን ከብቅሉ አንሥቶ ባልቦካው ጭማቂ ጥንካሬ ላይ ሲጥል እንዲህ ላለ መጠጥ የሚከፈለው ግብር በጥንካሬው ልክ ሆነ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የአገሪቱ ቢራ በጠቅላላው ቀጠነ።

ጓደኛዬ የቀረውን ሁለተኛ ጠርሙስ ለብዙ ዓመት ካላስቀመጥን ይላል። እኔ አልስማማም፤ ጭሱ እየለዘበ ቢሄድ እንኳ የምፈልገው ጣዕም በርሜል ባልነካው በዚያው ኤል ውስጥ ስላለ፣ ለመጠበቅ የምመርጠው እርሱን ነው። ለማንኛውም የሚቀመጠው ብርሃን በማያገኘው ቦታ፣ ጠርሙሱ እንደ ወይን ሳይጋደም ቆሞ ነው።

ስለ ምግቡም ልጨምር። እንግሊዞች ስቲልተን በሚባለው ባለ ሰማያዊ ሻጋታ አይብ ይጠጡታል፤ የእኛው አይብ ግን ጨውም ስብም ስለሚያንሰው ጣፋጩን መመከት አልቻለም። ጥብስ በአዋዜ ጭራሽ አይሆንም፤ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፣ ከሁለት ጉርሻ በኋላም ምላስ ገብስና ጭስ መለየት ያቆማል። የተሳካው የገብስ ቆሎ ነው፤ ያለ ለውዝ፣ ያለ ሱፍ፣ ጠቆር እስኪል የተቆላው።