ወይዘሮ ሙሉነሽ በ1967 የት ነበሩ?

ታሪክ ለመጻፍ ስነሣ ከሴራው፣ ማለትም ከድርጊቶቹ ቅንብር፣ አስቀድሜ ማወቅ የምፈልገው ገጸ ባሕርይዬን ነው። ለጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚመከረው የመልክ፣ የቁመትና የአለባበስ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። እኔ ግን ከትውልድ ዓመት እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን አንድ ሰው የተወለደበት ዓመት ከታወቀ የትኛው አዋጅና የትኛው ዘመቻ በስንት ዓመቱ እንደደረሰበት ማስላት ይቻላል።

አሁን የምጽፈው አጭር ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ወይዘሮ ሙሉነሽ ይባላሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከቀበሌ ቤታቸው እንዲለቁ የተነገራቸው የ68 ዓመት ሴት ናቸው። በ1948 ተወልደዋል ካልኩ በ1967 ዕድሜያቸው 19 ነበር፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከነበሩ ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሄደዋል ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ለገበሬው ካስረዱት መካከል እንደ እሳቸው ያሉ ዘማቾች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የአባታቸው የኪራይ ቤቶችም አብረው ሄዱ። «መሬት ላራሹ» እያሉ የዘመቱት ሙሉነሽ ሲመለሱ የአባታቸውን ዓይን እንዴት አዩ? አባትየውስ ልጃቸውን ምን ብለው ተቀበሉ?

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየሁ። መንገድ የከፈተልኝ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ የተወረሱ ቤቶች በቀበሌ ሥር መተዳደራቸው ነው። ሙሉነሽ ትዳር ሲይዙ ቀበሌው ያከራያቸው ቤት ከአባታቸው ከተወረሱት አንዱ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያም ሆነ። አባት ወደዚያ ቤት የገቡት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው። በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ዝናብ ያበሰበሰውን ኮርኒስ ቀና ብለው አይተው፣ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሕፃኗን መርቀው ወጡ። በማግስቱ አንድ አናጢ ከቆርቆሮና ከሚስማር ጋር ላኩ። ይህ ሁሉ በታሪኩ ውስጥ ምናልባት አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ቢገባ ነው፤ ነገር ግን ወይዘሮዋ ያንን ጣሪያ ቀና ብለው ሲያዩ ምን እንደሚያዩ እኔ ማወቅ አለብኝ።

አስቀድሞ በታሰበው ሴራ ሙሉነሽ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ያለቅሱ ነበር። አዋጅ ለገበሬ ያነበቡ ሴት ግን መነጽራቸውን ያስመጣሉ፤ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀኑንና ማኅተሙን ይመለከታሉ፤ ምትክ ቤቱ የት እንደሆነም ይጠይቃሉ። ደብዳቤውን ያመጣውን የወረዳ ሠራተኛ፣ በልጅነቱ አዝለው ያሳደጉትን የጎረቤት ልጅ፣ በዚያ ቀን «እርስዎ» ይሉታል። ከለቅሶው ይልቅ ይህ ለልጁ እንደሚከብደው አምናለሁ።

የቀረችኝ ክርስትና የተነሣችው ልጃቸው ናት። ውጭ አገር እንደምትኖርና በየወሩ ገንዘብ እንደምትልክ አውቃለሁ፤ ቤቱ የአያቷ እንደነበረ እናቷ ነግረዋት እንደሆነ ግን ገና አልወሰንኩም። ስለዚህ ሁለቱ በስልክ የሚነጋገሩበትን ክፍል እስካሁን አልጻፍኩትም።