መልቀቂያ

ደሴ፣ ሐምሌ፣ ማታ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። የጦሳ ተራራም ጉሙ ውስጥ እንደገባ ቀረ። የልጅቷን የዩኒፎርም ሹራብ ክርኑ ላይ ልሰፋ መርፌና ክር ይዤ ተቀመጥኩ። ክሩ ከሹራቡ ጋር አልመሳሰል ሲለኝ፣ «ለመስከረም እኮ ቀለሙ ራሱ ይቀየር ይሆናል» የሚል ሐሳብ መጣብኝና በዚያው ቀረሁ። መርፌው የት እንደገባ አላውቅም፤ ነገ በባዶ እግሩ የሚያገኘው ሰው ይነግረኛል።

ጉዳዩ የልጃችን ትምህርት ቤት ነው። «ያኛው» ወደምንለው ትምህርት ቤት እንድትዛወር አጠገቡ ቤት እንከራይ ወይስ ባለንበት እንቆይ? ባለቤቴ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ አለው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ጠቅልለን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን እዚያው እንግባ ይላል። የምናማርጠው ከመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የግሉን ሒሳብ አንዴ ሠርተን ደብተሩን ዘግተነዋል።

ደሴ ውስጥ «ጥሩ ትምህርት ቤት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ስም ነው። ወይዘሮ ስህን ሲባል የአባቶቻችን ፊት ይበራል፤ ዛሬ ግን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል አያስገባም። ሆጤንም መምህር አካለወልድንም የሚያሞግስልህ ሰው የሚያወራው ራሱ ስለተማረበት ዘመን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቶቹ 3.2፣ የ2016ቶቹ 5.4 ናቸው። በእንዲህ ያለ ቁጥር ፊት የድሮ ስም ምን ይረዳል? የሚቆጠር ነገር መቁጠር ይሻላል።

መጀመሪያ ዴስክ። በር ላይ ቆሞ መቁጠር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ 18 ኮምባይንድ ዴስክ ቢኖርና ለሦስት በተሠራው ላይ አራት አራት ቢቀመጡ 72 ልጅ ነው። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው ልክ 50 ነው። ቀጥሎ ፈረቃ። «ሙሉ ቀን ነው ወይስ ፈረቃ?» ብቻ አይበቃም፤ ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። 40 ደቂቃው ለፈረቃ ሲባል ወደ 35 ከወረደ፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ሲታሰብ ግማሽ ሰዓት ይጠፋል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል። ማንም አልቀረም፣ ማንም አላረፈደም፣ ሰዓቱ ግን የለም።

የኢንስፔክሽን፣ ማለትም የትምህርት ቤቶች ምዘና፣ ደረጃም አለ። «ደረጃ 3 ነን» ሲሉ ደረትን ነፋ አድርገው ነው። ነጥቡ ከግብዓት 25፣ ከሂደት 35፣ ከውጤት 40 በመቶ ተደምሮ ነው የሚወጣው፤ 70 የገባው ደረጃ 3 ይባላል፣ 69 ያመጣው ደረጃ 2 ላይ ይቀራል። ስለዚህ ደረጃውን ሳይሆን ዝርዝሩን ማየት ነው። አዲስ ሕንፃና አዲስ አጥር ግብዓቱን ያነሱታል፤ ማስተማሩ ያለው ሂደቱ ውስጥ ነው። መጸዳጃ ቤቱን ግን ራስ ገብቶ ማየት ይሻላል። የሴቶቹ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው? ውሃ አለ? ይህ ከሌለ 12 ዓመት የሞላት ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳትጠጣ ነው የምትውለው፤ ሪፖርቱ ላይ አይጻፍም።

ከሁሉም በላይ ግን የሚናገረው ደብተር ነው። የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር፣ ሰኔ ላይ። የእኛዋ ላይ ቀን የተጻፈበት የመጨረሻ ገጽ ሚያዝያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አበባ፣ ጎጆ ቤት፣ አንድ አንገቱ የረዘመ ወፍ። ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ሁለተኛ፣ እኩል ይሆናል አራት ስድስተኛ ብላለች፤ ላይና ላዩን፣ ታችና ታቹን ደምራ። በጎኑ ትልቅ ቀይ ራይት አለ። በመምህሩ አልፈርድም። 70 ደብተር በ40 ደቂቃ ቢታረም ለአንዱ 34 ሴኮንድ ነው የሚደርሰው፣ ያውም ሳያስተምሩ።

የታችኛዋ ጎረቤታችን ልጅ እዚያኛው ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ደብተሯ ላይ ያው ስህተት፣ ያው አራት ስድስተኛ። ግን ኤክስ ተደርጎበት በስሱ «ታቹን አመሳስለሽ እንደገና ሥሪው» ይላል። ሠርታዋለች፤ ሁለት አራተኛ አድርጋው አምስት አራተኛ አምጥታለች፤ እንደገና ታርሟል። አንድ ስህተት፣ ሁለት ጊዜ ቀይ እስክሪብቶ። ይህን ካየሁ ጀምሮ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

መሄዱ ግን በምኞት አይሆንም። መልቀቂያ መጠየቅ ያለበት ካርድ እንደተሰጠ ነው፤ ነሐሴ ላይ ርዕሰ መምህሩ ሲገኝ ሬከርዱ የለም፣ ሬከርዱ ሲመጣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ስሙ በልደት ካርዱ፣ በሪፖርት ካርዱና በመልቀቂያው ላይ ፊደል በፊደል መግጠሙን እዚያው ቆሞ ማየት ነው። በአንዱ ላይ በእሳቱ «ሰ»፣ በሌላው በንጉሡ «ሠ» ከሆነ፣ የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ምዝገባ ሲደርስ ሁለት ልጅ ናችሁ ይሏታል። ከቀበሌ መሸኛ አውጥቶ አዲሱ ቀበሌ ማስገባትም አለ፤ «ቅድሚያ ለአካባቢው ልጅ» ሲሉ የሚጠይቁት እሱን ነው። እና መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ቦታ እንዳለው ሳያረጋግጡ ለቤት ቀብድ መክፈል ሞኝነት ነው። ብዙ ሰው ግን ቤቱን ያስቀድማል። ቤት ይታያላ።

ቤቱን አየነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል፣ ቆጣሪው በጋራ። ደላላው «አሁን ያለው ተከራይ ነሐሴ መጨረሻ ይለቃል፤ ጸባየኛ ሰው ነው፣ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር እንኳ አልመታም» አለ። የጋራ ቆጣሪ ማለት የሰው ምጣድ መክፈል ማለት ነው፤ በአምፖል ነው የሚካፈሉት ወይስ በሰው ብዛት ብሎ አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራይን ሳይሆን ቧንቧ ላይ የተሰለፈን ሰው መጠየቅ ነው። መንገዱን ደግሞ ጠዋት 1፡30 ላይ በዝናብ መሄድ። የደሴ ዳገት በጥር 15 ደቂቃ ከሆነ በነሐሴ ጭቃ ሌላ መንገድ ነው።

ኮምቦልቻ? 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሹራብ አያስፈልግም፣ አጎበር ያስፈልጋል። እሱ በየቀኑ በጉም ውስጥ ከመመላለስ ይድናል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ትምህርት ቤቱን ግን ገና አላየንም። ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው የምንከራከረው።

ደግሞ ሌላ አለ። በአዲሱ የትምህርት ሥርዓት አንደኛ ደረጃ ስድስት፣ መካከለኛ ሁለት፣ ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት ነው። ያኛው የሚያስተምረው እስከ ስድስተኛ ነው። እሷ መስከረም ላይ ስድስተኛ ትገባለች። ስለዚህ ይህ ሁሉ ጭነት፣ አይሱዙው፣ ጫኝና አውራጁ፣ አዲሱ ሹራብ፣ ለአንድ ዓመት ነው። ለአንድ ፈተና።

የጎረቤቷን ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተር ደግሞ አሁን ማታ ተውሼ አገላበጥኩት። ሚያዝያ ላይ ያልቃል። ወፉም አለ፤ አንገቱ ትንሽ አጠር ይላል። ታዲያ ልከተል የነበረው ትምህርት ቤቱን ነው ወይስ አንድ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው? ሰው ከሆነ ደግሞ ሰውም መልቀቂያ ይወስዳል። መምህራን ዝውውር የሚያገኙት በክረምት ነው። አግኝቼ «መምህር፣ ዝውውር ሞልተዋል እንዴ?» ልበለው? ምን አገባሽ ቢለኝስ?

ስለ ቆጣሪው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ መጸዳጃው ሁሉን ጠይቄ፣ ያ ምስማር የማይመታ ተከራይ ሥራው ምን እንደሆነ ደላላውን አልጠየቅኩትም።