የመምሬ መዝገብና አንድ የተደገመ ቃል

ደብረ ብርሃን፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እተይባለሁ፣ ሲቪ አሳምራለሁ። ውርጩ ሳይለቅ ስለምከፍት ጠዋት ጠዋት ፕሪንተሩ ራሱ እስኪሞቅ ያጉረመርማል። እኔም ጋቢዬን እንደደረብኩ፣ አንድ እጄን ሻይ ብርጭቆው ላይ፣ አንድ እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ነው የምጀምረው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያስተማረኝ ሥራ የሚጠፋበት ክረምት ነው። ዝናቡ ሲወርድ ደንበኛ የለም፤ ዩቲዩብ ግን አለ።

ነገሩ የተጀመረው በመምሬ ነው። ባለፈው ኅዳር የማኅበራቸውን መዝገብ ይዘው መጡ። ሰባ ስምንት ስም፣ በእጅ የተጻፈ፣ ተራ ቁጥሩ በሙሉ በግዕዝ። «ስሙን በፊደል ተራ አድርጊልኝ። ቁጥሩ ግን ማን ቀድሞ እንደገባ የሚታወቅበት ስለሆነ ከየስሙ እንዳይለይ። የተዘለለ ቁጥር ካለም እዪልኝ» አሉኝ።

ተይቤ ስጨርስ ቁጥር ፍለጋ ዓይኔን ከማደክም ለፓይተን ልስጠው አልኩ። መጀመሪያ ‹፩› ቁጥር መሆኑን ኢዝዲጂት በሚባለው፣ አሃዝ መሆን አለመሆኑን በሚፈትሸው ትእዛዝ ጠየቅኩት። አዎ አለኝ። እሺ፣ ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ስለው ደግሞ በቀይ ጮኸብኝ፤ አይቻልም አለ። ቁጥር ነው ብሎኝ ሲያበቃ! ‹፲› ላይ ስደርስ ይባስ ብሎ ኢዝዲጂት ራሱ አይደለም አለኝ።

በዚህ ተናድጄ ነው የፓይተንን ማብራሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ያነበብኩት። ለካ ነገሩ ከዩኒኮድ፣ ኮምፒውተር የየቋንቋውን ፊደል ከሚያውቅበት መዝገብ፣ የመጣ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 በወጣው ሦስተኛው ቅጂ ሲሆን፣ ከ‹፩› እስከ ‹፱› ያሉት እንደ አሃዝ ተመዝግበዋል። ‹፲›፣ ‹፳›፣ ‹፻› ግን ዋጋ ያላቸው ቁጥሮች እንጂ አሃዝ አይደሉም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ እንደ 1 እና 0 ጎን ለጎን ተደርድሮ አሥር አይሆንም። ስለዚህ ፓይተን ‹፩›ን አሃዝ ነው ይላል፣ ሊቆጥርበት ግን አይችልም። ማብራሪያው ላይ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የተሰጠው ምሳሌ የካሮሽቲ ቁጥር ነው። ካሮሽቲ ምንድን ነው ብዬ ፈለግኩ። በጥንታዊት ጋንዳራ ይጻፍ የነበረ፣ ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው ጽሕፈት ነው። የእኛው ግን በየግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በሕይወት አለ። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ዩኒኮድዳታ የሚባለው የፓይተን ሞጁል የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ይናገራል። ‹፳፭› ሲመጣ ሃያና አምስትን መደመር ነው፤ ከመቶ በታች እስከሆነ ድረስ መደመር ብቻ ይበቃል። ‹፵፫› ተዘሏል ብዬ ለመምሬ ነገርኳቸው። «አውቃለሁ፣ ሰውየው ማኅበሩን ትቶ ሄዷል። አንቺ ታገኚው እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አይሉኝም!

ያን ማብራሪያ ሳገላብጥ ነው አመሌ የተነሳው። በቀን ሃያ ማመልከቻ የምትጽፍ ሰው የተደገመ ቃል ሳትፈልገው ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ‹ለሚመለከተው ለሚመለከተው› የሚል ደብዳቤ ስንት ጊዜ አስተካክያለሁ። እዚያም አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ‹ዛት ዛት› (that that) የሚል አየሁ። አገኘሁህ አልኩ።

ፓይተንን የጀመረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው። ለሕዝብ የወጣው በእኛ የካቲት 1983 ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሦስት ወር ሲቀረው። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ላይ እጅ ማስገባት የሚቻል አይመስለኝም ነበር። ግን ኮዱም ማብራሪያውም ጊትሃብ በሚባለው የፕሮግራም ሰዎች ድረ ገጽ ላይ ተሰጥቷል፣ ማንም ያየዋል። የማረሚያዋን የእርሳስ ምልክት ተጫንኩ፣ የራሴ ቅጂ ተፈጠረልኝ፣ አንዱን ‹ዛት› ሰረዝኩ፣ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ‹ለውጤን ተቀበሉኝ› የሚል ጥያቄ፣ ላክሁ። ወዲያው ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ መጣና ስምምነት ፈርሚ አለኝ። ውል ስተይብ ለምኖር እኔ ውል መፈረም አዲስ አይደለም። ከላይ እስከ ታች አንብቤ ፈረምኩ።

በማግሥቱ መልስ መጣ። በጣም በትሕትና፣ ሁለቱም ‹ዛት› ትክክል ናቸው፣ አንደኛው አያያዥ ነው፣ ሁለተኛው ጠቋሚ ነው፣ ስላየሽልን እናመሰግናለን ብለው ዘጉት።

አይ እኔ! ላፕቶፑን ከድኜ አንድ ሰዓት ያህል ወረቀት ስቆርጥ ቆየሁ። ያናደደኝ ደግሞ ‹ቶሎ ቶሎ›ን፣ ‹ጠዋት ጠዋት›ን ስጽፍ የምኖር ሰው መሆኔ ነው። የአማርኛ ማመልከቻ ላይ አንዱን ‹ቶሎ› የሰረዘብኝ ሰው ቢኖር ምን እለው ነበር?

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ሳልልክ ሌላ ሰው ያነበዋል። ሁለተኛውን ስህተት ሳገኝ፣ ‹ዘ ዘ› ነበር፣ ፈተና ሊያባዛ ለመጣ የእንግሊዝኛ መምህር አሳየሁት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሁለት ጊዜ አነበበና «ይሄ እንኳ ያለ ጥርጥር ስህተት ነው» አለ። ላክሁ። በመሃል መብራት ጠፋ፣ በስልኬ ኢንተርኔት ጨረስኩት። ርእሱ ላይ ምን እንደቀየርኩ በአጭሩ ጻፍኩ፤ አንድ ቃል ለመሰረዝ ሐተታ አያስፈልግም። እንዲህ ላለች ጥቃቅን ነገር በለውጥ ዜናው ውስጥም መመዝገብ ግድ አይደለም፣ ‹ስኪፕ ኒውስ› የሚል ምልክት ይለጠፍባታል።

ከቀናት በኋላ ሌሊት ሜርጅ ሆነ፣ ከዋናው ጋር ተቀላቀለ። ጠዋት ስነሳ ሐምራዊዋን ምልክት አየሁ። ሌላ ቦት ደግሞ ያችኑ ለውጥ ይዞ ወደ ቀድሞው የፓይተን ቅጂ እየወሰዳት ነበር። እኔ ተኝቼ አንድ ማሽን የእኔን ስረዛ ይገለብጥልኛል። ፎቶ ኮፒ ቤት ላላት ሰው ይሄ ምን ያህል እንደሚያስቅ አስቡት።

አሁን አራት ደርሰዋል። ሦስቱ የፊደል ግድፈት፣ አንዱ ወደ ጠፋ ገጽ የሚወስድ ሊንክ። ለሲቪ ማድመቂያ ብለው እንደ መዓት የሚልኩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ሲቪ ስለምጽፍ ይገባኛል። ነገር ግን ከዚያኛው ወገን የሚያነበው ብዙውን ጊዜ በነጻ የሚሠራ ሰው ነው፤ የእኔ ‹ዘ› ከምሽቱ ላይ ደቂቃ ትወስዳለች። ስለዚህ ስሕተት ያልሆነውን፣ እኔ ባልወደውም፣ አልነካም። የካሮሽቲው ቦታ ላይ የግዕዝን ቁጥር ለመጨመር የጻፍኩት ሐሳብም ገና ረቂቅ ላይ ነው። ቅናት ይሁን ጥቅም ለይቼ እስካውቅ ይቆይ።

ለአባዬ የነገርኩት በበዓል ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ዕድሜውን ሙሉ ክር ያመለጠውን ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ስልኬን ተቀብሎ ቀይና አረንጓዴውን መስመር ትኩር ብሎ አየ።

«ስንት ከፈሉሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ስምሽ አለ?»

አሳየሁት፤ ስሜና ስሙ ከኮሚቱ፣ ከተመዘገበው ለውጥ፣ ጎን ተጽፏል። ፓይተን ውስጥ አስተዋጽዖ ያደረጉ ሰዎች የሚመሰገኑበት ሌላ ፋይል እንዳለም ነገርኩት። የእኔ ዓይነት የአንድ ቃል እርማት እዚያ አያስገባም፤ ከፍ ያለ ሥራ ይፈልጋል። ተራውም በመጨረሻ ስም ነው፣ በፊደል ቅደም ተከተል።

«የመጨረሻ ስምሽ ማን ነው?»

«ያው ያንተ ነዋ።»

ስልኩን መለሰልኝና ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። «ታዲያ የምሰለፈው እኔ ነኛ! ከፍ ያለውን ሥራ መቼ ነው የምትጀምሪው?»