በጳጉሜ ዝናብ የተመለሰልኝ መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ያደረገልኝን እመሰክራለሁ ብዬ ከተሳልኩ ሰነባብቻለሁ። ስለት ዕዳ ነውና ዛሬ ልክፈል። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ስልኬ በድምፅ እያነበበልኝ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ለምስክርነት ሲቆም አብዛኛው ሰው «ዓይኔ በራ» የምትለዋን ቃል እየጠበቀ ነው የሚሰማው። እኔ የምመሰክረው ብቻዬን ወጥቼ ብቻዬን ስለምገባበት መንገድ ነው። እርሱን ተነጥቄ ነበር፤ አምላኬ መለሰልኝ።

የተወለድኩት ምንጃር ነው። ዓይኔን ያጣሁት ነፍስ ሳላውቅ፣ በኩፍኝ ነው። ኩፍኝ በልጁ ሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጠዋል፤ ልጁ ቀድሞም በምግብ የተጎዳ ከሆነ የዓይኑ የፊት ሽፋን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው። ክትባት በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር፤ እኛ መንደር ግን ገና አልደረሰም። በዚያ ላይ ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከተወጋ ይሞታል ይባል ስለነበር እናቴ ጨለማ ቤት ውስጥ አስተኝታኝ፣ ቡና እያፈላች፣ እየተለማመነች ጠበቀችኝ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ዓይኔ አብሮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እማዬ በጀርባዋ አዝላ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ወሰደችኝ። የጸበሉ ቅዝቃዜ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። «ዮሐንስ፣ የልጄን ዓይን አብራልኝ፤ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» ብላ ተሳለች። እኔ ደግሞ ትንሽ ከፍ ስል፣ እዚያው ጸበሉ ደጃፍ ላይ፣ ሌላ ጸሎት ጀመርኩ። በቤተ ክርስቲያን በር ግራና ቀኝ ተደርድረው «ስለ እመቤቴ፣ ስለ ዮሐንስ» የሚሉትን እሰማ ነበር። ብዙዎቹ እንደኔ ዓይነ ስውራን ናቸው። አንዲት አሮጊት ለእማዬ «አይዞሽ ልጄ፣ ስታድግ እዚህ ተቀምጣ እንጀራዋን ትበላለች» አለቻት። ክፋት አልነበረውም፤ ልታጽናናት ነው። እኔ ግን ያን ቀን ልቤ ደንግጦ «አምላኬ፣ እኔ መስጠት እፈልጋለሁ፤ እጄን አታስዘርጋኝ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጸሎት ኖሮኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጸሎቴ የመጀመሪያ መልስ አጎቴ ነበር። አዲስ አበባ ይኖር ስለነበር ሰበታ ዓይነ ስውራን የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምቶ መጣና ወሰደኝ። እማዬ ለቅሶ እንደደረሰባት ሰው አለቀሰች። እኔ ግን እዚያ በብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና በመውጊያው በስታይለስ፣ በጣት የሚነበበውን የነጠብጣብ ጽሕፈት፣ ብሬይልን፣ መጻፍ ተማርኩ፤ ነጠብጣቡን በቀኝ እጅ አመልካች ጣቴ ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ ዛሬም በጣቴ አስታውሰዋለሁ። ነጭ በትር ይዤ ብቻዬን መሄድን የተማርኩትም በዚያ ዕድሜ ነው። ከዚያ ስድስት ኪሎ ገባሁ፤ ሥነ ዜጋ ተምሬ ተመረቅሁ።

ሥራ ስፈልግ ያየሁትን ብዙ አልዘረዝርም። አንድ ቦታ የፈተናውን ውጤት አይተው ደስ ካላቸው በኋላ በትሬን ሲያዩ «ሰሌዳ ላይ እንዴት ትጽፊያለሽ?» ብለው መለሱኝ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንቀጹን በቃሌ ነገርኳቸው። «እሱማ አለ» አሉኝ፣ አለቀ። በዚያው ሰሞን ሱባዔ ገባሁ። ከሱባዔው እንደወጣሁ አንድ ርዕሰ መምህር ደውሎ «ሰሌዳውን ተማሪ ይጻፍልሽ፤ አንቺ አስተምሪ» አለኝ። እነሆ እስከ ዛሬ እያስተማርኩ ነው።

በመጀመሪያው ደመወዜ ጃንጥላ ገዛሁ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ቀይ ነው አሉኝ። እማዬን ይዤ ሸንኮራ ወረድን። እኔ የፈራሁት ዓይኔ ሳይበራ ስለቱን ማግባት እንዳይከፋት ነበር። ጃንጥላውን ተቀብላ አቅፋው ቆየችና «የለመንኩት ዓይንሽን ነው፤ የፈራሁት ግን እኔ ስሞት ማን ያበላታል ብዬ ነው። አሁንማ የምታበይኝ አንቺ ነሽ። ስለቴ ደርሷል» አለችና ለካህኑ አስረከበች። «እምነትሽ ጎዶሎ ቢሆን ነው ዓይንሽ ያልበራው» የሚሉኝ ሰዎች ዛሬም አይጠፉም። ለእነርሱ የምመልሰው የእናቴን ቃል ነው። ጌታም ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው «እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩ?» ብለው ሲጠይቁት ሁለቱም አይደሉም ብሎ መልሶላቸዋል።

ብቻዬን መሄድ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ዓይናማ አንባቢዎቼ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ የግንቡን ጫፍ በበትሬ ይዤ እሄዳለሁ፤ የዳቦ ቤቱ ሽታ ሲመጣ ወደ ግራ እታጠፋለሁ፤ ከዚያ የረዳቶቹ ጩኸት ይመራኛል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ሰው መጥቶ እጄ ውስጥ ብር የሚያስጨብጥበት ጊዜ አለ። ርኅራኄ ነው፤ አላዋርዳቸውም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ለሚቸገር ይስጡልኝ» ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ አብዛኛው ሰው ደንግጦ ይቅርታ ይለኛል፤ አንዳንዱም ስለ ልጁ ትምህርት ያማክረኛል። እኔ በመንገድ ላይ በመታየቴ ብቻ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ቤት ውስጥ የደበቀ ወላጅ ሐሳቡን ቢቀይር ብዬ እጸልያለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰኔ 30 ቀን፣ የዮሐንስ ልደት ዕለት ነው። ማርክ አስገብቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ከባድ ዝናብ ጥሎ ገና ማባራቱ ነበር። በየቀኑ የምሄድበት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ። በዚያ ሳምንት ግን የቱቦው የብረት ክዳን ተሰርቆ ለቁራሌው ተሸጦ ኖሯል። ጎርፉ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር በትሬ ያገኘው ውኃ ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ስራመድ መሬቱ ከዳኝ።

ውኃው እስከ ደረቴ ነው፤ እግሬን ወደ ውስጥ ይስበኛል። በትሬ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድማ ቀረች፤ እርሷን በሁለት እጄ ያዝኳት። «ዮሐንስ ድረስልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። የዚያች ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ መታጠፍ እጄ ላይ ይሰማኛል፤ ሰውነቴን እንድትሸከም አልተሠራችም። በቆሎ የምትጠብስ እናት ነበረች ጩኸቴን የሰማችው። ነጠላዋን አጣምራ ወረወረችልኝ፤ አንዱን ጫፍ እጄ ላይ እስካገኘው «በቀኝሽ ልጄ፣ በቀኝሽ!» እያለች መራችኝ። ወጣቶች ደርሰው ጎትተው አወጡኝ። ወጥቼ መሬት ላይ ስቀመጥ በትሬ ለሁለት ተሰበረች። እኔ ከወጣሁ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ስለ ነፍሴ ያን ዕለት አመሰገንኩ። መንገዴ ግን ከእጄ ወጣ። ወንድሜ «ከእንግዲህ ሰው ሳትይዢ ንቅንቅ የለም» አለ። እማዬ አለቀሰች። ከሁሉም የባሰው እኔው ነኝ፤ ክረምቱን ሙሉ በሩ ጋ ደርሼ እመለስ ነበር። አዲስ በትር ተገዝቶልኝ ከነላስቲኩ ተቀመጠ። ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ገበያ እህቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ወንድሜ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ወዳጆቼ ናቸው፤ አንድም ቀን አላማረሩም። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት «ከሞት ያወጣኸኝ ቤት ልታስቀምጠኝ ነው?» እያልኩ ከአምላኬ ጋር እሟገት ነበር። መስከረም እየደረሰ ነው፤ ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው፤ ስለ ዜግነት ኃላፊነት የማስተምር ሰው ከደጄ መውጣት አቃተኝ።

ጳጉሜ 3 የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ነው። የሰፈሩ ሕፃናት በሩፋኤል ዝናብ ሊጠመቁ እየጮኹ ይሯሯጣሉ። ከዋዜማው ጀምሮ እህቴ መጽሐፈ ጦቢትን እያነበበችልኝ ነበር። ሁልጊዜ ሰው ለእኔ የሚነግረኝ ሩፋኤል የጦቢትን ዓይን እንዳበራ ነው። ያን ቀን ግን ሌላው የታሪኩ ክፍል ልቤን ያዘው፤ መልአኩ ለረጅም ጊዜ የሄደው ከልጁ ከጦብያ ጋር ነው፣ የመንገድ ጓደኛ ሆኖ፤ አድርሶ መለሰው። ተነሣሁና «ሩፋኤል ሆይ፣ ዓይን አልጠይቅህም፤ መንገድ አብረኸኝ ሂድ» አልኩ። ዝናቡ ሲወርድ አዲሱን በትር ከላስቲኩ አወጣሁና በሩን ከፈትኩ። ማንም አልተከተለኝም፤ እህቴ ልትከተለኝ ስትል እማዬ «ተያት» አለቻት።

ዝናቡ ፊቴን እየመታኝ በግንቡ ሄድኩ። ጉልበቴ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዳቦ ቤቱ ደረስኩ፤ እስከዚያ ጉድጓድ ደረስኩ፤ አፉን በበትሬ ዙሪያውን ዳሰስኩት። አሁንም ክፍት ነበር። እንባዬ ከዝናቡ ጋር እየወረደ እዚያው ቆሜ አመሰገንኩ። ፍርሃቱ ያን ቀን ለቀቀኝ፤ ተመልሶም አልመጣም። ይህ ነው ምስክርነቴ።

ግን ከዚያው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔን አምላኬ አወጣኝ፤ ነገ ከትምህርት ቤት የሚሮጥ ሕፃን ቢገባበትስ? ትምህርት ሲከፈት ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ደብተር ይዘው በየመንገዱ ክፍት የሆኑትን ቱቦዎች መዘገቡ። ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ አስገባን፤ በጀት የለም የሚል መልስ መጣ። በዚህ ጊዜ የእድራችን ዳኛ «ሲሚንቶውን እድሩ ይችላል» አሉ። ብረት ከሆነ ይሰረቃልና በኮንክሪት ይሁን ተባለ። የሰፈራችን ግንበኛ በነፃ ካሳፎርማውን ሠራ፤ ወጣቶቹ ፌሮ አሰሩ፣ አሸዋና ጠጠር ለወሱ። የመጀመሪያው ክዳን ሲደርቅ አስነክተውኛል፤ ጎርባጣ ነው፤ ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው፤ ማንም አይሰርቀውም። እኔ በወደቅሁበት ላይ ተገጠመ።

«አንቺ ለራስሽ ጸልዪ፣ የአገሩን ለባለአገሩ ተዪው» የሚሉኝ ነበሩ። እኔ ግን የአገር ፍቅር የሚባለውን ነገር ከዚህ ሌላ የምይዝበት አላውቅም። አገሬ ለእኔ ከእግሬ በታች ያለው ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ጥሩ ነው፤ የሕንፃዎቹ መወጣጫ ደረጃ ግን አሁንም ያው ደረጃ ነው። በነሐሴ 2013 ትዕግሥት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ በ1500 ሜትር ለአገራችን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ መዝሙራችን ሲዘመር ቆሜ አለቅሻለሁ። የስንቷ ትዕግሥት ጉልበት ቤት ውስጥ ተደብቆ እንደቀረ አምላክ ያውቃል።

ያቺን በቆሎ ጠባሽ እናት «እትዬ» እላታለሁ፤ ዘመድ ሆነናል። የልጅ ልጇን ስታሳድግ፣ የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት እንደወሰደ ነገረችኝ። «የአሥራ አምስት ወሩንስ?» አልኳት። ሁለተኛው መርፌ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚሰጥ አልሰማችም፤ በዘጠኝ ወሩ ያለቀ መስሏታል። አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲወጉት እኔ ነበርኩ ያቀፍኩት፤ ጆሮዬ ላይ እሪ አለ፤ እሪታው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልጆች ያላችሁ፣ እባካችሁ የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ እዩት።

በሰፈራችን ገና ያልተከደኑ አሉ፤ ዘንድሮ ከክረምቱ በፊት ለመጨረስ ሲሚንቶ እያሰባሰብን ነው። በጸሎታችሁ አስቡን። ከጎርፍ ላወጣኝ፣ መንገዴን ለመለሰልኝ ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን፤ አሜን።