ማግኔቱ ያልሳበው

ቮልሴ ሰሞኑን ኳ ኳ ትላለች። እኔ «ቫልቭ ነው» ብዬ ፈርጄ ነበር (ዩቲዩብ የማያሳምነው የለም)። ዛሬ ጋሼ መካኒኩ ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ደግፈው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ዝም አሉ። ዘይቱን አወረዱ።

የድሮ ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ወንፊቱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ብናኝ ተኝቷል። ማግኔት አስጠጉ። ንቅንቅ አላለም።

«ብረት አይደለም» አሉ። የቫልቩን ክዳን ከፍተው ፑሊውን (የቺንጋውን መዘውር) በእጃቸው ወዲህ ወዲያ አወዛወዙት። ፑሊው ይሄዳል፣ የቫልቩ መግፊያ ግን እየዘገየ ነው የሚከተለው። ብረት ያልሆነው የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ጥርስ ተበልቷል።

«ለዚህች ጥርስ ሞተሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ልጄ።»

ወር ሙሉ ድምፁ የሚሰማበትን ስነካካ ከርሜያለሁ። እሳቸው ያዩት ሞተሩ የተፋውን ነው።